የማይቆጠሩት ልጆች

በነገሌ ከተማ ወደ ዶሎ የሚሄደው የጭነት መኪና የሚነሣው ከሐጂ ሀሺ ሱቅ ፊት ለፊት ካለው ትልቅ ግራር ሥር ነው። የሚነሣበትን ሰዓት ከሾፌሩ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ሾፌሩም ቢሆን የሚያውቀው አይመስልም። ጧት ይነሣል ከተባለ ጧቱን ሙሉ ጆንያ ሲጫን፣ የተጫነው ሲወርድ፣ የወረደው እንደገና ሲጫን ይረፍዳል። በ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. በሰኔ ወር አንድ ቅዳሜም እንዲሁ ነበር። ተሳፋሪው ከጥላው ሥር ተኮልኩሎ ይጠብቃል፤ ሾፌሩ ሻዩን ይጠጣል።

ከተሳፋሪዎቹ መካከል አባ ኦላ ጃልዴሳ ነበሩ። ኦላ ማለት በቦረና አነጋገር የከብት አርቢዎች ሰፈር ነው፤ አባ ኦላ ደግሞ ሰፈሩ በስሙ የሚጠራበት፣ የሰፈሩም ነገር በእሱ አፍ የሚያልቅ ሽማግሌ ነው። የጃልዴሳ ሰፈር ከመኪናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ዳዋ ወንዝ ሲወረድ ይገኛል። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው የሚያስሩ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ፊታቸው ላይ በልጅነታቸው ይዟቸው የለቀቃቸው የፈንጣጣ ጠባሳ አለ። በዚያ ጧት በቀኝ እጃቸው በትራቸውን፣ በግራ እጃቸው የልጃቸውን የጉያቱን እጅ ጨብጠው ቆመዋል። ልጅቱ ደብተሮቿን በሻሽ ጠቅልላ ታቅፋለች። ስታለቅስ እንዳደረች ዓይኗ ይናገራል።

ጉያቱ የምትማረው ከተማ ውስጥ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ነው። ስድስተኛ ክፍል ናት፤ ሰኞ የሚኒስትሪ ፈተና ትቀመጣለች። ያን ፈተና ያለፈ ወደ ሰባተኛ ይሻገራል፤ ያላለፈ፣ በተለይ ሴት ከሆነች፣ ወደ መጣችበት ትመለሳለች። አባቷ ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ግን ትናንት ማምሻውን ጊደር ሸጠው ወደ እኅታቸው ቤት ሲገቡ ልጃቸው ከበሩ ላይ ተቀምጣ በማያውቁት ቋንቋ ጮክ ብላ ስታጠና ሰሙ። ምን እያልሽ ነው ቢሏት ደስ ብሏት አስረዳቻቸው። ደስታዋ እዚያው አለቀ፤ ጧት በማለዳ እጇን ይዘው ወጡ።

ከሱቁ ውስጥ የሐጂ ሀሺ ልጅ ከሚላ ብቅ አለች። ከሐረር መምህራን ማሠልጠኛ ከተመለሰች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ስድስተኛ ክፍልን እንግሊዝኛ የምታስተምረው እሷ ናት። ተማሪዋን እዚያ ቆማ ስታይ ክው አለች።

“አካም ነጌኛ፣ አባ ኦላ? ከብቱስ ናጋ? ልጁስ ናጋ?” አለች፣ በቦረና ወግ የሰውንም የከብቱንም ናጋ፣ ማለትም ሰላም፣ ሳታጓድል ጠይቃ።

“ናጋ” አሉ ጃልዴሳ። ፊታቸው ግን ናጋ አልነበረም።

“ጉያቱን ወዴት ይዘዋት ነው? ሰኞ እኮ ፈተና ነው።”

“ይቅርባት። ወደ ቤቷ ትሄዳለች።”

“የታመመ ሰው አለ እንዴ?”

“የታመመ የለም። እንዳይታመም ብዬ ነው የምወስዳት።” በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉት። “ስሚኝ፣ የሀሺ ልጅ። አባትሽን አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቅቤዬን ከእሱ ሱቅ ሌላ ወስጄ አላውቅም። ስለዚህ እንደ ባዳ አልቆጣሽም። ግን ልጄን በሰው ፊት አስቁመሽ ወንድሞቿን አስቆጠርሻት። ላሞቼን አስቆጠርሻት። ይህን ያደረግሽ አንቺ ነሽ ወይስ ልጄ ዋሸችኝ?”

“አልዋሸችም” አለች ከሚላ። “እኔ ነኝ። ትምህርት ነበር።”

“የቱ ትምህርት ነው የሰው ቤት የሚቆጥር?”

“የእንግሊዝኛ ሰዋስው ነው፣ አባ ኦላ። እኛ አንድ ላም፣ ሁለት ላም፣ ብዙ ላም ብለን እናልፋለን፤ ላሟ ያችው ላም ናት። እንግሊዝኛ አያሳልፍም። አንዲት ስትሆን ‘ካው’፣ ከአንድ ካለፈች ‘ካውስ’ ማለት ግድ ነው። ልጅ ደግሞ ጭራሽ ይባስ፤ አንዱ ‘ቻይልድ’፣ ብዙው ‘ችልድረን’ ነው። ልጆቻችን በየዓመቱ ፈተና ላይ የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው። ከቤታችሁ ምሳሌ አምጡ ያልኳቸው እንዳይረሱት ብዬ ነው።”

ጃልዴሳ ከብት የሚባል ነገር በተነሣ ቁጥር ተናደውም ቢሆን ከመጠየቅ አይመለሱም።

“ላሟ ጥቁር ብትሆንስ?” አሉ።

ከሚላ ሳታስበው ፈገግ አለች። “ጥቁርነቷ አይነካም። አንዷ ‘ብላክ ካው’ ናት፤ ብዙዎቹም ‘ብላክ ካውስ’ ናቸው። በአማርኛ ትንንሽ ልጆች፣ ትልልቅ ላሞች ስንል ቅጽሉም አብሮ ይበዛል። በእንግሊዝኛ ግን ቅጽሉ ባለበት ይቆማል፤ የሚለወጠው ስሙ ብቻ ነው። ልጆቹ ሁለቱንም ያበዙብኛል፤ እኔም ሳርም እውላለሁ።”

“እሱስ እንግሊዞቹ ደግ አድርገዋል” አሉ ጃልዴሳ። “ጥቁር ስትበዛ አትነጣም። ላሟንም እንዲያው ቢተዋት ምን ነበር?” ፊታቸው እንደገና ተቋጠረ። “በኛ ዘንድ ከብት አይቆጠርም፤ ልጅም አይቆጠርም። አምላክ ዋቃ የሰጠውን ይህን ያህል አለኝ ብሎ በአፍ መጥራት፣ ና ውሰድልኝ ማለት ነው። አባቴ ቆጥሮ አያውቅም። ልጅ አለህ ወይ ሲሉት አንድ አለኝ ይል ነበር፤ ቤቱ ግን ሙሉ ነበር። እኔም እንደ እሱ ነው የምለው።”

አንባቢዬ ሆይ፣ በሽማግሌው ለመሳቅ አትቸኩል። ሰው በየዓመቱ ድርቅና በሽታ እየመጣ ከእጁ ሲነጥቀው ያለውን መደበቅ ይማራል። የተማረውንም ለልጁ ያወርሳል፤ ልጁም ምክንያቱን ሳይጠይቅ ይዞት ያድጋል። ጃልዴሳ ከዚህ ሌላ በዓይናቸው ያዩት ነገርም ነበራቸው፤ እሱንም አልደበቁም።

“ደግሞ ሌላም ልንገርሽ” አሉ። “አንድ ጊዜ አንድ ሰው መጣ። ከብታችሁን ልቁጠር፣ ለመድኃኒት ነው አለን። ወጣቶቻችን አመኑት፣ አስቆጠሩት። በዓመቱ ያው ሰው ለግብር ተመለሰ። መድኃኒቱን ግን እስከ ዛሬ አላየነውም።”

ከሚላ አንገቷን ደፋች። “እውነት ነው፣ በድሏችኋል” አለች ቀስ ብላ። “ግን የዋሻችሁ ሰውየው ነው፣ አባ ኦላ። ቁጥሩ አልዋሸም። እኔም ብሆን አጥፍቻለሁ። በትምህርት ቤቱ ግቢ የሞላ ጠጠርና ቅጠል እያለ ወደ ቤታችሁ በር መግባት አልነበረብኝም። ከእንግዲህ ጠጠር አስቆጥራለሁ። ጉያቱን ግን ለእኔ ጥፋት አይቅጧት፤ ከክፍሉ አንደኛ ናት።”

“አንደኛ፣ አንደኛ…” አሉ ጃልዴሳ። “ይኸው እሷንም ቆጠርሻት።”

ይህን ሲሉ የጤና ጥበቃ ላንድሮቨር አቧራውን እያስነሣ መጥቶ ከግራሩ አጠገብ ቆመ። አንድ ጎልማሳ ዘሎ ወረደ፤ ድሬሰር ቸርነት የሚባል የጤና ረዳት ነው። ከአርሲ ተዛውሮ ከመጣ ገና ወር አልሞላውም፤ ላቡ በሸሚዙ ላይ ደርቋል። ወደ ተሳፋሪዎቹ ጠጋ ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ።

“ከዳዋ በኩል የመጣ ሰው አለ?”

ሰዎቹ ወደ ጃልዴሳ ዞሩ።

“አባቴ፣ የዚያ ሰፈር ሽማግሌ እርስዎ ነዎት? እግዜር አገናኘን። ከወንዙ ማዶ ፈንጣጣ ገብቷል። የሞተም አለ። ክትባት ይዤ ልወጣ ነው፤ ግን ያለኝ ጥቂት ነው። ወደ እናንተ ልውረድ ወይስ ወደ ዶሎ መንገድ ልቀጥል የሚለውን አሁን መወሰን አለብኝ። በሰፈራችሁ ስንት ልጅ አለ?”

የጃልዴሳ እጅ ሳያስቡት ወደ ጉንጫቸው ጠባሳ ሄደ። ፈንጣጣ ምን እንደሚያደርግ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። የገዛ እናታቸው በእሱ ነው የሞተችው። ሆኖም ያ ጥያቄ ሲመጣ ከአባታቸው የወረሱት መልስ ከአፋቸው ቀድሞ ወጣ።

“አንድ ልጅ አለ” አሉ።

“አንድ? በሰፈሩ ሁሉ?”

“አንድ።”

ቸርነት እፎይ እንደማለት አለ። “እንዲያ ከሆነ በኋላ ይደርሳል። አንዷ ብልቃጥ ለብዙ ልጅ ትበቃለች፤ ግን አንዴ ከተበጠበጠች በዚያው ቀን ማለቅ አለባት፣ አታድርም። ለአንድ ልጅ ብዬ ከፍቼ የቀረውን አልደፋም። በዶሎ መንገድ ያሉት ብዙ ናቸው፤ ወደነሱ ልሂድ።” ወደ መኪናው ዞረ።

ጉያቱ የአባቷን እጅ ጨበጥ አደረገች። ጃልዴሳ ወደ እሷ አላዩም።

“አቶ ቸርነት፣ ጥቂት ይታገሡ” አለች ከሚላ። “ያሉት በወግ ነው። እዚህ አገር ልጅ አይቆጠርም። አንድ ሲሉ አንድ ማለታቸው አይደለም።”

“ታዲያ ስንት ማለታቸው ነው?”

“እኔ አላውቅም።”

“እኔማ ከየት አውቃለሁ እኅቴ? በግምት መድኃኒት አልጭንም። ሌሎቹ ሰፈሮች ቁጥራቸውን ነግረውኛል።” ሰዓቱን አየ። “ሾፌሬ ውሃ እስኪሞላ ድረስ ነኝ። ከዚያ እሄዳለሁ።”

ከሚላ ወደ ሽማግሌው ተጠጋች። የሰፈር አባት በአደባባይ ያለውን በአደባባይ ማፍረስ እንደማይቻል ስለምታውቅ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“አባ ኦላ፣ ከብትዎ ማታ ሲገባ ይቆጥሩታል?”

“አልቆጥርም ብዬሻለሁ።”

“አንዷ ብትቀርስ እንዴት ያውቃሉ?”

“አያለኋ። የቀረችውን ቦታዋ ይነግረኛል። እያንዳንዷን ከነእናቷ አውቃታለሁ።”

“አንቱ ያውቃሉ። ያ ሰው ግን ልጆቻችሁን አይቷቸው አያውቅም። ዓይንዎን አውጥተው አይሰጡት ነገር። ለማያውቅ ሰው የሚሰጠው ቁጥር ብቻ ነው። እንግሊዞቹም ስሙን የሚያበዙት ለዚህ ይመስለኛል፤ ያላየ ሰው ሲሰማ አንድ ነው ብሎ እንዳይታለል።”

“ብናገርና ቢሞቱስ?” አሉ ጃልዴሳ። “ቆጥሬ ቢሞቱ የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ሰፈሩ ምን ይለኛል? እኔስ ራሴን ምን እለዋለሁ?”

“እርስዎ ዝም ስላሉ ቢሞቱስ?” አለች ከሚላ።

የላንድሮቨሩ ሾፌር ክዳኑን ዘጋ። የጭነት መኪናው ሾፌር ደግሞ፣ የማይነሣው ሰውዬ፣ ያን ዕለት መነሣት አምሮት ጥሩምባውን ነፋ። ተሳፋሪው ተግተልትሎ ወደ መኪናው ሄደ። ጃልዴሳም ልጃቸውን እየጎተቱ ሁለት ሦስት እርምጃ ተራመዱ። ፈርተው ነበር፤ የፈራ ሰው የሚያውቀውን መንገድ ይይዛል።

ጉያቱ ግን አልተከተለችም። እጇ በአባቷ እጅ ውስጥ እንዳለ ባለችበት ቆመች።

“አባዬ” አለች፣ በኦሮምኛ። “ሐኪሙ ሰፈራችን መጥቶ ለአንድ ልጅ የሚሆን መድኃኒት ቢሰጥዎት ለማን ያስወጉታል?”

“ምን አልሽ?”

“አንድ ልጅ ነው ብለውታል። ያ አንዱ ማነው? ጎሊቻ ነው? ወይስ ዱባ? የጎረቤታችን የሸምሳ ልጅ ናት? እናቷ ስትጠይቅዎ ምን ይሏታል?”

በቦረና ልጅ አባቱን እንዲህ አይጠይቅም። ጉያቱም ይህን ታውቃለች። ጃልዴሳ ለመቆጣት አፋቸውን ከፈቱ፣ ቁጣው ግን አልመጣላቸውም። ጎሊቻ ትንሹ ልጃቸው ነው፤ ከሰፈር ሲነሡ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኝቷቸዋል። ዱባ የሟች ወንድማቸው ልጅ ነው፤ አደራ ነው። በልባቸው አንዱን ለማንሣት ሞከሩ። አንዱን ባነሡ ቁጥር ሌላው ቀና ብሎ ያያቸዋል። አባታቸው አንድ ልጅ አለኝ እያሉ ኖሩ፤ አንዱን ምረጥ ያላቸው ግን አልነበረም።

ከዚያ የልጃቸውን እጅ ለቀቁና ወደ ላንድሮቨሩ ሄዱ።

“ሐኪሙ” አሉ በአማርኛ። “እኔ አልቆጥርም። ስማቸውን እጠራለሁ። አንተ ስማ።”

ቸርነት ግራ ገብቶት ከሚላን አየ፤ ከሚላ ራሷን ነቀነቀች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከብት ሲገባ በበሩ ላይ እንደሚቆሙት ቆመው፣ ሰፈሩን ከምሥራቁ ጎጆ ጀመሩ። ጎሊቻ። ዱባ። ጣዲቻ። የጣዲቻ እኅት ዳርሚ። እያንዳንዱን ከነእናቱ፣ ከነቤቱ ጠሩ። ቸርነት በጣቱ ማጠፍ ጀመረ፤ ጣቱ አለቀበትና ከመሬት ጠጠር እያነሣ ከመኪናው ክዳን ላይ ደረደረ። የጭነት መኪናው ሁለተኛ ጥሩምባ ነፋ፤ ማንም አልዞረም። ስሙ በቀጠለ ቁጥር ጠጠሩ ይበዛል፣ የድሬሰሩም ፊት እየጠቆረ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ልጅ ትቶ ሊሄድ ነበር።

ጃልዴሳ ጨርሰው ዓይናቸውን ገለጡ። ግንባራቸው በላብ ርሷል።

“አለቀ” አሉ።

“አላለቀም፣ አባዬ” አለች ጉያቱ። “ስም ያልወጣላቸውስ?”

በቦረና ለሕፃን ስም የሚወጣው በወግ፣ በድግስና በምርቃት ነው። ቀኑ እስኪደርስ ድረስ ሕፃኑ ስም የለውም፤ እናቱም ልጄ ብቻ ትለዋለች። ከሽማግሌው ሰፈር እንዲህ ያሉ ሕፃናት ነበሩ። በስም እንዳይጠሩ ስም የላቸውም። ለማያውቃቸው ሰው እንዳሉ የሚነገርበት መንገድ ከቁጥር በቀር የለም። ጃልዴሳ ይህን ሲረዱ ፊታቸው ላይ የነበረው እፎይታ ጠፋ። ዘዴ ያገኙ መስሏቸው ነበር፤ ዘዴው ግን ገና ስም ያልወጣላቸውን ውጭ ትቷቸዋል።

ጉያቱ ቁጥሩን ታውቃለች። ልትናገረው ትችል ነበር። አባቷን እያየች ጠበቀች።

ጃልዴሳ ወደ ሰማይ ቀና ብለው በከንፈራቸው ለዋቃ አንድ ነገር አሉ። ከዚያ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ልጅን በቁጥር ጠሩ።

“ሦስት” አሉ። “ሦስት ሕፃናት። ገና የሚጠቡ።”

ቸርነት ሦስት ጠጠር ጨመረ። ከዚያ ለሾፌሩ፣ “ወደ ዳዋ ነው” አለው።

የክትባቱ ሣጥን ተስተካክሎ ተጫነ። ጃልዴሳ መንገዱን ሊያሳዩ ከፊት ተቀመጡ። መኪናው ከመነሣቱ በፊት በመስኮቱ ወደ ከሚላ ጎንበስ አሉ።

“የሀሺ ልጅ፣ ጠጠር አስቆጥራለሁ ብለሻል።”

“ብያለሁ፣ አባ ኦላ። ቃሌ ነው።”

“ደግ ነው። የሰውን ቤት የሚያስቆጥር ምክንያት ሲመጣ ባለቤቱን አስፈቅጂ። እሷ ግን…” ወደ ልጃቸው አዩ። “እሷ ሰኞ ትፈተን። መቁጠሩን እኔ በሽምግልናዬ ስጀምረው ከብዶኛል፤ እሷ በልጅነቷ ትልመደው።”

ጉያቱ ደብተሯን እንዳቀፈች አቧራው እስኪርቅ ድረስ ቆማ አየች።

ከዚህ በኋላ የሆነው ባጭሩ ይነገራል። በዚያ ክረምት ፈንጣጣው ወንዙን ተሻግሮ ወዲህ መጣ። የደረሰባቸው ሰፈሮች አዘኑ፤ የጃልዴሳ ሰፈር ልጆች ግን ክንዳቸው ላይ ትንሽ ጠባሳ ይዘው አመለጡ። ጎረቤት የሆኑ አባ ኦላዎች ይህን አይተው ቸርነት በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ አንድ አለ ማለቱን ትተው ልጆቻቸውን በስም ጠሩለት፣ ስም ለሌላቸውም ጣታቸውን አነሡ። ጉያቱ ፈተናዋን አልፋ ሰባተኛ ገባች። ከሚላም እስከ ዛሬ ነጠላና ብዙን የምታስተምረው በጠጠር ነው፤ ተማሪዎቿ ቀይ ጠጠር ከአንድ ሲያልፍ ቀይነቱ እንደማይነካ ይዘውታል። ወግ ሰውን ለመጠበቅ የቆመ ነገር ነው። ሰውን መጠበቅ ባቃተው ቀን ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ማለፊያ ቢሰጥ አይፈርስም። የጃልዴሳ ወግም አልፈረሰም፤ ከብታቸውን እስከ ዛሬ አይቆጥሩም።

በመስከረም ሽማግሌው ቅቤ ይዘው ወደ ሐጂ ሀሺ ሱቅ መጡ። ከሚላ እንደ ልማዷ ተቀበለቻቸው።

“አካም ነጌኛ፣ አባ ኦላ? ከብቱስ ናጋ? ልጁስ ናጋ?”

“ከብቱ ናጋ ነው” አሉ ጃልዴሳ። በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ አጎንብሰው በበሩ ገቡ። “ልጆቹም ደህና ናቸው። ሦስቱም ስም ወጥቶላቸዋል።”